አመድ ሁሉ አንድ አይደለም
ከፋብሪካ አመድ ዚዮላይትና ካታሊስት ስለ መሥራት፤ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

«እሳት አመድ ወለደ» የሚባለው ከታላቅ አባት ታናሽ ልጅ ሲወጣ ነው። በአነጋገራችን አመድ የከንቱነትና የመዋረድ ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። በኑሯችን ግን እንዲህ አልነበረም። እናቶቻችን በአመድ ዕቃ ያጥባሉ፤ ከጓሮ ጎመን ሥር ይነሰንሱታል፤ እህሉን ነቀዝ እንዳይበላው በጎተራ ውስጥ ይቀላቅሉታል። አመድ የሚጠቅምበትን ቦታ ከሳይንስ መጻሕፍት አስቀድሞ የቤት ልምድ አውቆታል።

ዛሬ በወለጋ ምድር አመድ የሚወጣው ከምድጃ ብቻ አይደለም። ከነቀምቴ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ አባይ ጮመን ወረዳ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ አገዳ ይፈጫል። በዴዴሳ ሸለቆም የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካ ተተክሏል። በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ አካባቢ የቡና መፈልፈያዎች የቡና ገለባ ይከምራሉ፤ ብዙው ገለባ ይቃጠላል ወይም በስብሶ ይቀራል። ይህ ሁሉ አመድና ገለባ የት ይሂድ? ለምንስ ይጠቅማል?

ጥያቄው የሰበካ ጉባኤያትን በሁለት መንገድ ያገኛቸዋል። አንደኛው፣ ቤተ ክርስቲያን መሬትና ምንጭ ያላት መሆኗ ነው። አንድ ባለ መኪና መጥቶ «በግቢያችሁ ያለውን ገደል በአመድ ልሙላላችሁ» ቢል ኮሚቴው እሺ ወይም እምቢ የሚልበት ዕውቀት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው፣ ወጣቶች ወይም አማካሪዎች «ከአመድ ዚዮላይት እናመርታለን፤ ገቢ ማስገኛ ይሆናል» የሚል የፕሮጀክት ሐሳብ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። የምእመናን አደራ የሆነ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ግድ ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሁለቱንም ጥያቄዎች በማስተዋል እንዲመልሱ መርዳት ነው።

፩. ካታሊስት ማለት ምን ማለት ነው?

ካታሊስት ማለት አንድን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ ነገር ግን በለውጡ ውስጥ ራሱ የማያልቅ ነገር ነው። ስሙን ለሳይንስ የሰጠው ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊዩስ ሲሆን ዘመኑም 1835 እ.ኤ.አ. ነበር።

ነገሩን በአስታራቂ ሽማግሌ መመሰል ይቻላል። ሁለት ባላጋራዎች በራሳቸው ቢተዉ ዓመታት ይፈጃሉ። ሽማግሌው ግን በመካከላቸው ገብቶ መንገዱን ያሳጥራል፤ ዕርቁ ሲፈጸም እርሱ እንደ መጣ ይመለሳል፤ ነገም ሌሎችን ያስታርቃል። ካታሊስትም እንዲሁ ነው። ሁለት ንጥረ ነገሮች የሚገናኙበትን ዝቅተኛ በር ይከፍትላቸዋል፤ ለውጡ ሲያበቃ ለሚቀጥለው ሥራ ዝግጁ ሆኖ ይቀራል። ምሳሌው ሌላም ነገር ያስተምራል፦ ፈጽሞ የማይታረቁትን ሽማግሌ አያስታርቃቸውም። ካታሊስትም በተፈጥሮ የማይሆነውን እንዲሆን አያደርግም፤ ሊሆን የሚችለውን ያፈጥናል እንጂ። ስለዚህ «ይህ ዱቄት ማናቸውንም ነገር ወደ ነዳጅ ይለውጣል» የሚል ሰው ሲመጣ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በቤታችንም ካታሊስት አለ። ጠላ ጠማቂዋ ብቅል የምትጨምረው ያለ ምክንያት አይደለም። በበቀለው ገብስ ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ሕይወታዊ ካታሊስቶች አሉ፤ እነርሱም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾው ወደ አልኮል ያደርሰዋል።

የወለጋ ምድርም ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም። በምዕራብ ወለጋ የምትገኘው ዩብዶ በፕላቲኒየም ማዕድኗ ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ትታወቃለች። ፕላቲኒየም በጌጥነቱ ብቻ የሚፈለግ ብረት አይደለም። በመኪና የጭስ ማውጫ ውስጥ በማር እንጀራ መልክ በተሠራ ሸክላ ላይ እጅግ በስሱ ተቀብቶ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው አንዱ ካታሊስት እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ፕላቲኒየም ውድ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶች እንደ ብረትና መዳብ ያሉ ርካሽ ማዕድናት በትክክለኛ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ተመሳሳይ አገልግሎት እንዲሰጡ ሲጥሩ ኖረዋል። ያ «ትክክለኛ ቤት» ብዙ ጊዜ ዚዮላይት ነው።

፪. ዚዮላይት፤ የሚፈላ ድንጋይ

በ1756 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው የማዕድን ሊቅ ክሮንስቴት አንድ ድንጋይ በእሳት ሲያግል እንደሚፈላ ውኃ እንፋሎት ሲያወጣ አየ። ስለዚህም ከግሪክ ቋንቋ «የሚፈላ ድንጋይ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ሰጠው፤ ዚዮላይት ማለት ይህ ነው። እንፋሎቱ የሚመጣው ድንጋዩ በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ስላሉትና በእነርሱም ውኃ ስለሚያድር ነው።

ዚዮላይት የሚሠራው ከሦስት ዋና ዋና ነገሮች ነው፦ ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጂን። እነዚህ ተያይዘው እንደ ማር እንጀራ ሥርዓት ያላቸው ክፍሎችና መስኮቶች ይፈጥራሉ። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ዚዮላይት ኤ የሚባለው ዓይነት መስኮቱ ወደ 0.4 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ ዚዮላይት ዋይ የሚባለው ደግሞ ወደ 0.74 ናኖ ሜትር ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ስናስብ መስኮቶቹ ነጠላ ሞለኪውሎችን እየመረጡ የሚያስገቡና የሚከለክሉ ወንፊቶች መሆናቸውን እንረዳለን።

ሁለተኛው ጠባዩ ደግሞ ይህ ነው። በግንቡ ውስጥ አሉሚኒየም በገባበት ቦታ ሁሉ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይፈጠራል። ይህንን ለማመጣጠን ሶዲየም፣ ፖታሽየም ወይም ካልሲየም በክፍሎቹ ውስጥ ይቀመጣሉ። እነዚህ ግን ተከራዮች እንጂ ባለ ርስት አይደሉም። ዚዮላይቱ የመዳብ ወይም የብረት ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ ቢነከር ሶዲየሙ ይወጣል፤ መዳቡ ይገባል። ዚዮላይት ውኃ የሚያለሰልሰውም፣ ከባድ ብረቶችን ከፍሳሽ የሚለቅመውም፣ ለካታሊስት ቤት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የወንፊቱን ጥቅም ከስኳር ፋብሪካው ሥራ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ፊንጫ ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ኤታኖል ያመርታል፤ ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀልም በሀገራችን በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሯል። ኤታኖል በተራ ማጣራት ወደ 95 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከቀረው ውኃ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፤ ለነዳጅ እንዲሆን ግን ውኃው መውጣት አለበት። በዓለም በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ባለ 0.3 ናኖ ሜትር መስኮት ዚዮላይት መጠቀም ነው። ትንሹ የውኃ ሞለኪውል ይገባል፤ ትልቁ የኤታኖል ሞለኪውል ከደጅ ይቀራል። ከዚያም ዚዮላይቱ ሲሞቅ ውኃውን ለቅቆ ዳግመኛ ለሥራ ይዘጋጃል። ዚዮላይት በካታሊስትነትም ታላቅ ስፍራ የያዘው ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድፍድፍ ነዳጅን ወደ ቤንዚን ለመሰባበር ሲውል ነው።

፫. በጠባብ በር የማይወጣ እንግዳ፤ የብረት ኮምፕሌክስ

የብረት ኮምፕሌክስ ማለት አንድ የብረት አተም በመካከል ሆኖ ሌሎች ሞለኪውሎች ዙሪያውን የያዙት ውሕድ ነው። ፍጥረት በእነዚህ የተሞላ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል በመካከሉ ማግኒዚየም አለው፤ ደማችን ኦክስጂን የሚሸከመው በብረት ነው፤ ቫይታሚን ቢ12 ኮባልት ይዟል።

ሰው ሠራሽ ኮምፕሌክሶች ፈጣን ካታሊስቶች ናቸው፤ ነገር ግን በፈሳሽ ውስጥ ሟምተው ስለሚሠሩ ከሥራ በኋላ ለይቶ መሰብሰብ ይከብዳል። ብዙው ከፍሳሽ ጋር ይጠፋል። መፍትሔው በዚዮላይት ውስጥ ማሰር ነው። መጀመሪያ የብረቱ አተም ብቻውን በመስኮቱ ይገባል። ቀጥሎ የኮምፕሌክሱ ሌሎች ክፍሎች እየተነጣጠሉ ይከተሉታል። ውስጥ ሲገናኙ ተጋጥመው ከመስኮቱ የሚበልጥ አካል ይሆናሉ። የዚዮላይት ዋይ ውስጠኛ ክፍል ወደ 1.3 ናኖ ሜትር ስፋት ሲኖረው በሩ 0.74 ብቻ ነውና ከዚያ በኋላ አይወጣም። ጥጃ ሳለ በጠባብ በር ገብቶ በረት ውስጥ ያደገ በሬ በዚያው በር መውጣት እንደሚሳነው ያለ ነው።

በዚህ ዓይነት የተሠሩ ዚዮላይቶች ልዩ ልዩ አገልግሎት አላቸው። ብረት የያዘ ዚዮላይት ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ሆኖ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ያለበትን ፍሳሽ ያጠራል። መዳብ ወይም ብረት የያዘ ዚዮላይት በናፍጣ መኪናዎች ጭስ ውስጥ ያለውን ጎጂ የናይትሮጂን ኦክሳይድ በዩሪያ አማካይነት ወደ ንጹሕ ናይትሮጂንና ውኃ ይመልሳል።

፬. ከአመድ ወደ ዚዮላይት፤ የሥራው ቅደም ተከተል

ዚዮላይት የሚፈልገው ሲሊካና አሉሚና ከሆነ፣ አመድ ውስጥ እነዚህ ካሉ ከማዕድን ቁፋሮ ይልቅ አመድን መጠቀም አይቻልምን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይቻላል። የድንጋይ ከሰል አመድን ወደ ዚዮላይት የመለወጥ ጥናት በ1985 እ.ኤ.አ. በጀርመን ተመራማሪዎች ታትሞ ከወጣ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ለፊንጫና ለአርጆ ዴዴሳ የሚስማማው ጥሬ ዕቃ የባጋስ አመድ ነው። ባጋስ የሚባለው አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ቦይለራቸውን የሚያሞቁት በእርሱ ነው። ለግምት ያህል፣ ከ1,000 ቶን አገዳ ከ250 እስከ 300 ቶን እርጥብ ባጋስ ይወጣል፤ ከዚያም ሲነድ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ አመድ ይቀራል። የዚህ አመድ ትልቁ ክፍል ሲሊካ ነው። አገዳ ከአፈር ውስጥ ሲሊካ እየሳበ ግንዱንና ቅጠሉን ያጠነክርበታልና።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ይሄዳል።

1ኛ. አመዱ ይነፋል፤ ያልነደደው ጥቁር ከሰል በምድጃ ውስጥ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቃጠላል። አመዱ ጥቁር ከሆነ ገና ካርቦን አለበት ማለት ነው።

2ኛ. ብረትና ካልሲየም ከበዙበት በአሲድ ይታጠባል።

3ኛ. አሉሚና ይጨመራል። የባጋስ አመድ ሲሊካ ቢበዛበትም አሉሚና ያንሰዋል። ጉድለቱን የሚሞላው ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር ነው፤ እርሱም አስቀድሞ ከ600 እስከ 750 ዲግሪ ይጋገራል። ለዚዮላይት ኤ ሲሊከንና አሉሚኒየም በቁጥር እኩል፣ ማለት አንድ ለአንድ፣ መሆን አለባቸው።

4ኛ. ድብልቁ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በ550 እስከ 600 ዲግሪ ይቀልጣል። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው በቦይለር ከፍተኛ ሙቀት የነደደ አመድ ውስጥ ያለው ሲሊካ ብዙ ጊዜ ስለሚደነድንና ከማሳ የመጣ አሸዋም ስለሚኖርበት ነው። ደንዳናው ሲሊካ በተራ መፍትሔ ቶሎ አይሟሟም።

5ኛ. ቅልጡ ተፈጭቶ በውኃ ይበጠበጣል፤ ለሰዓታት ይደራል፤ ከዚያ በተዘጋ ዕቃ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። ክሪስታሎቹ የሚወለዱት እዚህ ነው። ትዕግሥትም ልክም ይጠይቃል፤ ሙቀቱ ወይም ጊዜው ከመጠን ቢያልፍ ዚዮላይት ኤ ሶዳላይት ወደሚባል መስኮቱ የጠበበ ሌላ ማዕድን ይለወጣል።

6ኛ. ይጣራል፣ በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ነው የብረቱ ጨው የሚገባበትና ወደ ካታሊስትነት የሚሻገረው።

በመጨረሻም ምርመራ ይደረጋል። ነጭ ዱቄት ሁሉ ዚዮላይት አይደለም። መሆኑ የሚታወቀው ኤክስሬይ ዲፍራክሽን በሚባል መሣሪያ ነው። ለካታሊስት ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ፈተናዎች አሉ። አንደኛው፣ ደጋግሞ ቢሠራ ኃይሉ ይቀንሳልን? የሚለው ነው። ሁለተኛውና ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ብረቱ ከቤቱ እየታጠበ ይወጣልን? የሚለው ነው። መዳብን፣ ኮባልትን ወይም ኒኬልን ወደ ውኃ የሚለቅ ካታሊስት አንዱን ብክለት አስወግዶ ሌላውን ያመጣልና።

፭. አመድ ሁሉ አንድ አይደለም

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የአመዱ ጥቅምና ጉዳት የሚወሰነው ምን ነድዶ እንደ ተገኘ በማወቅ ነው።

የአገዳና የሩዝ ገለባ አመድ ሲሊካ የሚበዛበት ነው። በአግባቡ የነደደ የሩዝ ገለባ አመድ ከ85 እስከ 95 በመቶ ሲሊካ ሊሆን ይችላል፤ ሩዝ በሚበቅልባቸው በጨዋቃና በፎገራ ያሉ አጥቢያዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። ይህ ዓይነቱ አመድ ለዚዮላይትም ለሲሚንቶ ማሟያም ይሆናል። ነገር ግን የደነደነ ሲሊካ ያለበት ትቢያ ሲተነፈስ ሳንባን ይጎዳል፤ ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አይዛቅም።

የቡና ገለባና የማገዶ እንጨት አመድ ፖታሽየምና ካልሲየም የሚበዛበት ነው። ሲሊካው ጥቂት ስለሆነ ለዚዮላይት አይመችም። የወለጋ አፈር ግን ዝናቡ ካልሲየሙን ስላጠበበት በአሲዳማነቱ የታወቀ ነው፤ ገበሬው ኖራ እንዲጨምር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ንጹሕ የእንጨትና የቡና ገለባ አመድ አሲዱን ያለዝባል፤ ፖታሽየምም ይሰጣል። የአጥቢያ አትክልት ቦታና ችግኝ ጣቢያ ላላቸው ይህ አመድ ወደ ቤተ ሙከራ ሳይሄድ እዚያው የሚሠራ ሀብት ነው። መጠኑን ግን የአፈር ምርመራ ይወስን፤ ከበዛ አፈሩን ወደ ሌላው ጽንፍ ይወስደዋል።

የድንጋይ ከሰል አመድ ሲሊካንም አሉሚናንም አንድ ላይ ስለያዘ ለዚዮላይት እጅግ ይመቻል። ሆኖም እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች በትንሹ ሊኖሩበት ስለሚችሉ ከምርመራ በፊት በምንጭና በጉድጓድ አጠገብ አይደፋም።

የከተማ ቆሻሻ አመድ ከሁሉ የሚለይ ነው። በአዲስ አበባ በቆሼ የደረሰው የቆሻሻ ክምር መደርመስ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ሕይወት ቀጥፏል። በዚያው አካባቢ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። ከእንዲህ ያለ ማቃጠያ ሁለት ዓይነት አመድ ይወጣል፤ ከሥር የሚቀረውና ከጭሱ የሚጣራው። ባትሪ፣ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ዕቃ አብሮ ስለሚነድ በተለይ ከጭሱ የሚጣራው ብናኝ እርሳስ፣ ካድሚየምና ዚንክ የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን ይይዛል። ይህ አመድ ለእርሻም፣ ለገደል መሙያም፣ ለዕቃ ማጠቢያም አይሆንም። በነቀምቴና በሌሎች ከተሞች በየጓሮው ከፕላስቲክ ጋር የሚቃጠለው ቆሻሻ የሚተወው አመድም ከዚሁ ወገን ነው።

፮. በሀገራችን ምን ተሠርቷል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ከስፔን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር በኢትዮጵያ ካኦሊን ዚዮላይት ኤ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ይኸው ትብብር የኢትዮጵያን የተፈጥሮ ዚዮላይት በማሻሻል በስምጥ ሸለቆ የመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ለማስወገድ ምርምር አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ስለሆኑ የሕዝቡን ጥርስና አጥንት ይጎዳሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የባጋስ አመድም በሌላ በኩል ለኮንክሪት ተሞክሮ፣ ከሲሚንቶው እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ሊተካ እንደሚችል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት ተገልጧል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ዕውቀቱ በሀገር ውስጥ መኖሩን ነው። ሁለተኛው፣ ቀላሉ ጥቅም ከከባዱ መቅደም እንዳለበት ነው። የባጋስ አመድን ፈጭቶ ለሲሚንቶ ማሟያ ማድረግ ወንፊት፣ ወፍጮና የቤተ ሙከራ ፍተሻ ይፈልጋል። ዚዮላይት ማድረግ ኮስቲክ ሶዳ፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ ንጹሕ ውኃና የሠለጠነ ኬሚስት ይፈልጋል። ካታሊስት ማድረግ ደግሞ በዚያ ላይ ገዢ ፋብሪካ ይፈልጋል።

የወጪ ጉዳይም በብር ብቻ አይቆጠርም። ለኮስቲክ ሶዳ መነሻ ከሚሆኑት አንዱ ሶዳ አሽ ነው። ሀገራችን ሶዳ አሽ ያወጣችበት የአብያታ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ተመናምኗል፤ ከምክንያቶቹም የመስኖ ውኃ ጠለፋና ይኸው የሶዳ ምርት ይጠቀሳሉ። ፊንጫን ከአመድ ለማጽዳት ሌላ ውኃ የሚደርቅ ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው? ከሥራው የሚወጣው የሶዳ ፍሳሽም ተመልሶ ጥቅም ላይ ካልዋለ ወይም ካልተገራ ወንዝ ያቃጥላል። የፊንጫም የዴዴሳም ወንዝ ወደ አባይ የሚፈስ መሆኑን ልብ ይሏል።

፯. ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ አመድ ይለይ። በአጥቢያው ውስጥ የእንጨትና የገለባ አመድ ከፕላስቲክና ከቆሻሻ አመድ ተለይቶ እንዲከማች ለምእመናን በዐውደ ምሕረት ይነገር። አንድ ጆንያ ንጹሕ አመድ በአንድ እፍኝ የባትሪ አመድ ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ምንጩ የማይታወቅ አመድ በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ አይደፋ። በተለይ ጠበል፣ ምንጭ ወይም የውኃ ጉድጓድ ባለበት። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የሚመለከታቸው ስለሆነ፣ «በነጻ እንሙላላችሁ» ለሚል ሁሉ ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲያመጣ ይጠየቅ። ነጻ የሆነ አመድ ውድ ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛ፣ የዚዮላይት ወይም የካታሊስት ፕሮጀክት ሲቀርብ አምስት ነገሮች ይጠየቁ፦ የአመዱ የኬሚካል ምርመራ ውጤት የት አለ? አሉሚናውና ሶዳው ከየት ይገዛል? ፍሳሹ የት ይገባል? ምርቱ ዚዮላይት መሆኑን የመረመረው ማን ነው? ገዢውስ ማን ነው? ከአምስቱ አንዱ እንኳ መልስ ካጣ የምእመናን ገንዘብ ገና አይውጣ። ሐሳቡ ግን አይናቅ፤ መልሱን ይዘው እንዲመለሱ አቅራቢዎቹ ይበረታቱ።

አራተኛ፣ ሙከራው በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይደረግ። ኮስቲክ ሶዳ ዓይንን ያጠፋል፤ ሥጋን ያቃጥላል። የአጥቢያው ድርሻ የአመዱን ናሙና በንጹሕ ዕቃ ወስዶ፣ የመጣበትን ቦታ፣ ቀኑንና የነደደውን ነገር ጽፎ፣ በነቀምቴ ለሚገኘው ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለሌላ ባለሙያ ተቋም ማቅረብ ነው። ለአፈሩ ጉዳይ ደግሞ የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከልና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ቅርብ ናቸው።

አምስተኛ፣ ወጣቶች ይመሩበት። በሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያጠኑ ልጆች አሉ። «ከፊንጫ አመድ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ፣ ውጤቱም ተመልሶ ለአካባቢው የሚጠቅም ርእስ ነው። ሰበካ ጉባኤው ለአንድ ተማሪ የናሙና ማጓጓዣና የምርመራ ወጪ ቢሸፍን፣ ያልተፈተነ ማምረቻ ከመትከል ይልቅ በትንሽ ገንዘብ የበለጠ ዕውቀት ይገዛል።

ለሰበካ ጉባኤ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የሚወጣው አመድ ከየትኛው ወገን ነው? ማንስ ያውቀዋል?

2. በቤተ ክርስቲያናችን ምንጭና ጠበል አቅራቢያ አመድ ወይም ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ አለን? ርቀቱና የውኃው መውረጃ አቅጣጫስ እንዴት ነው?

3. አስታራቂ ሽማግሌንና ካታሊስትን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? የሚለያያቸውስ?

4. ለሲሚንቶ ማሟያ፣ ለአፈር ማለዘቢያና ለዚዮላይት ከሚሆኑት አመዶች ለአጥቢያችን አሁን የሚቀርበው የቱ ነው? ለምን?

5. በተራ ቁጥር ሰባት ከተዘረዘሩት አምስት ተግባራት በዚህ ሩብ ዓመት የትኛውን እንጀምራለን? ኃላፊውስ ማን ይሆናል?

የውይይቱ መልስ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ነገ ባለ መኪናው ወይም ባለ ፕሮጀክቱ ሲመጣ ኮሚቴው ከዜሮ አይጀምርም።